ሕፃኑን በየትኛው መድኃኒት ያስተኙታል?

በላስታ ቤቶች ቆሎና ንፍሮ ከሕፃናት እጅ አይርቅም። መንጋጋው በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ሽምብራውን ወይም ባቄላውን ሳያደቅ ሊውጠው ሲል፣ በመሐል ከሳቀ ወይም ካለቀሰ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ትን ይለዋል፣ አጥብቆ ያስለዋል፣ ከዚያ ጋብ ይልለታል። ወላጅ አለፈለት ብሎ ሲያስብ ጥራጥሬው በእርጥበት አብጦ ቧንቧውን ይዘጋል።

ማውጫው ብሮንኮስኮፕ የሚባል መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። ይህን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከላስታዋ ከተማ ከላሊበላ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

የሥራው ጭንቅ ሐኪሙ የሚገባበትና ልጁ የሚተነፍስበት መንገድ አንድ መሆኑ ነው። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ቱቦው ያቆስለዋል፤ ማደንዘዣው ከበዛ ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ምርጫ ከባድ ነው።

ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ ሲሆን በአገራችን ሆስፒታሎች በሰፊው ይታወቃል። ሕመም ያስታግሳል፤ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ብዙም አይጫንም፤ ደም ሥር ባይገኝ በጡንቻ ይወጋል። ነገር ግን ምራቅ ያበዛል፤ ለዚህም አትሮፒን ይጨመራል። የጉሮሮን ንቃት ስለማያጠፋም መሣሪያው ሲነካው ማንቁርት ድንገት ሊዘጋ ይችላል።

ወተት የሚመስለው ፕሮፖፎል በሰከንዶች ያስተኛል፣ ቶሎም ያነቃል። ጉሮሮን በደንብ ያደነዝዛል፤ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ግን ይጥላል፤ ሕመምም አያስታግስም። ሚዳዞላም ፍርሃት ያርቃል እንጂ ለዚህ ሥራ ብቻውን አይበቃም። ዴክስሜዴቶሚዲን ትንፋሽ ሳይጫን ያስተኛል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይሠራል፣ የልብ ምትንም ያቀዘቅዛል። በጭምብል የሚሰጠው ሃሎቴን ልጁ ራሱ እየተነፈሰ እንዲተኛ ያደርጋል፤ የልብን ምት ግን ሊያዛባ ይችላል።

አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ብዙ ባለሙያዎች ኬታሚንና ፕሮፖፎልን በትንሽ በትንሹ ያጣምራሉ፤ ማንቁርት ላይም ሊዶኬይን ይረጫሉ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ላሊበላ የአየሩ ኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ከፍታ ትንፋሹ ለአፍታ የተቋረጠ ልጅ ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ በማንኛውም መድኃኒት ከማስተኛት በፊት ኦክስጅን መስጠት፣ ከራስጌው የማይለይ የአንስቴዥያ ባለሙያ ማቆምና የኦክስጅን መለኪያውን ከጣቱ አለማውለቅ ግድ ነው። ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ ልጁን የሚያድነው ይህ ጥበቃ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ትን ብሎት የነበረ ልጅ ሳሉ ቢጋብም ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩት። ምግብ፣ ጡት ወይም ውኃ መቼ እንደወሰደ፣ ጉንፋን ይዞት እንደሆነም ለባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ። ለትናንሽ ልጆች ደግሞ ቆሎና ሙሉ ጥራጥሬ አትስጡ።