ቮልስ ላይ ሱፐርቻርጀር? ማኒፎልድ ከማስበየዳችሁ በፊት ግቤን አስቡ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው መኪና ቮልስ ነበረች። ቮልስ ዛሬም መንገድ ላይ አለች። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ ሱፐርቻርጀር ሲገጥሙላት ያየ ሰው "የአባቴ ቮልስስ?" ማለቱ አይቀርም። ይቻላል። ግን ነገሩ ማኒፎልዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ለምን ትደክማለች?

ሞተር አየር ይተነፍሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ቦንጋ (1,700 ሜትር ገደማ) ከመቶ 81 አካባቢ ነው። ባለ 1,192 ሲሲዋ ቮልስ ፋብሪካው የሰጣት 34 የፈረስ ጉልበት ነው፤ አዲስ አበባ ስትደርስ ወደ 26 ትወርዳለች ማለት ነው።

ሱፐርቻርጀር በሞተሩ ችንጋ እየዞረ አየር በግድ ያስገባል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ እ.አ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጃድሰን የሚባል ድርጅት ለቮልስ ሠርቶ ይሸጥ ነበር።

ማኒፎልዱ ምን ይሠራል?

አየርና ቤንዚን ወደ ቴስታታ የሚያደርስ ቱቦ ነው። የቮልስ ሲሊንደሮች ሁለት ግራ፣ ሁለት ቀኝ ስለሆኑ ቱቦው ረጅም ነው። አዲስ ስታሠሩ አራት ነገር እዩ፦

1. የግራና የቀኙ ቱቦ እኩል ርዝመትና ስፋት ይኑረው። ካልሆነ አንዱ ወገን ሲጠግብ ሌላው ይራባል።
2. ድንገተኛ እጥፋት አይኑር። የቤንዚን ጠብታ ግድግዳ ላይ ይቀራል።
3. ከጭስ መውጫው ሙቀት የምታመጣውን ቀጭን ቱቦ አትቁረጧት። እሷ ከሌለች ቤንዚኑ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል።
4. ቴስታታ ላይ የሚያርፈው ፊት ቶርኖ ቤት ይስተካከል። ካርቡሬተሩ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ከሆነ በቱቦው የሚያልፈው በግፊት ያለ ቤንዚን ነው፤ ብየዳው ካፈሰሰ እሳት ነው። የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ማግኒዚየም አለበት፣ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋት ከባድ ነው።

ግቤ ለምን?

አዲስ አበባ ላይ አየሩን በአንድ ሦስተኛ የሚጨምር ሱፐርቻርጀር የሚመልስላችሁ ተራራው የወሰደውን ብቻ ነው። እሰየው። አሁን ካርቡሬተሩን እዚያው አስተካክላችሁ ወደ ቦንጋ ጉዞ ጀመራችሁ እንበል። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፋችሁ ግቤ ድልድይ ስትወርዱ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፍሯል፣ ሱፐርቻርጀሩ ያንኑ ወፍራም አየር አባዝቶ ያስገባል፣ ቤንዚኑ ግን ለአዲስ አበባ የተመጠነው ነው። ከዚያ ወደ ጅማ ዳገቱ ይጀምራል፤ ሙቀት፣ ሙሉ ነዳጅ መርገጫ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከቆየ ፒስተን ይበሳል። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ አይደለምና ፋታ የላትም።

ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው በምታልፉበት ዝቅተኛ ቦታ እንጂ በምትኖሩበት አይደለም። ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አስገጥሙ፤ ግቤን ስትሻገሩ ቆም ብላችሁ አንድ ካንዴላ ፍቱ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ዳገቱን አትጀምሩ። ፍሬኑም ለ34 ፈረስ የተሠራ መሆኑን አትርሱ፤ ገንዘብ ከተረፈ ቀድሞ እሱ ይታደስ።