ሚኒባሷን ሁለቴ ቀባናት

ካቻምና ሚያዝያ እኔና ጓደኛዬ የእቁብ ዕጣችንን አንድ ላይ አድርገን ሞተሯ የሞተ ሚኒባስ ገዛን። አዎ፣ የማትሄድ መኪና። ጎኗን ቆርጠን መስኮት አውጥተን፣ ሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ አቁመናት ቡናና ጁስ ልንሸጥባት ነው። ሐሳቡን ያገኘነው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ፈረንጆቹ አሮጌ ካራቫን፣ ማለትም መኪና የሚጎትተውን ባለ ጎማ ቤት፣ በእጃቸው ቀብተው ካፌ ያደርጉታል። እዚህ ካራቫን ከየት ይመጣል? አሮጌ ሚኒባስ ግን ይገኛል።

መልኳ ግን አያስጠጋም። ነጩ ቀለም ደብዝዟል፣ የበሮቹ ታች ዝጓል። ጋራዥ ሄደን በስፕሬይ ለማስቀባት ስንጠይቅ የተነገረን ዋጋ እጃችን ላይ ከቀረው ብር በለጠ። ስለዚህ ብሩሽና ሮለር ገዛን። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ የራሴን ጉልበት በዜሮ ያሰብኩት ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ አጠብናት፣ ዝገቱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግንና በቀትር ፀሐይ ቀባናት። ማታ ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ ለቀቅን፤ ልብ በልብ ሆነ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ግን ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውሃ ቋጠረ። ሐምሌ ላይ በሩን በከፈትን ቁጥር ፍቅፋቂ ይረግፋል። ቀለም የሚረግፍበት ቦታ ማን ጁስ ይጠጣል? የቤት ኪራይ ቀን እየደረሰ ዘጋናት።

ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ የባትላሜራ ባለሙያ መጥተው በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። «ልጆች፣ መኪናዋን መች ቀባችሁ? ዝገቱን ነው የቀባችሁት» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከሥር እያበጠ ቀለሙን ይገፋዋል። ፀሐዩም በድሎናል፤ የጋለ ብረት ላይ የቀለሙ ፊት ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ይቀራል።

ጥቅምት ላይ እንደገና ጀመርን። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን፤ ከዚያ ውስጥ ቀለም የያዝነው አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው። የቀረው ፍግፈጋ ነው፣ በቃ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ፣ ከዚያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 180፣ መጨረሻ 320። እጄ ለሳምንት ስልክ መያዝ አቃተው። አሮጌውን ቀለም ውሃ እያስነካችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ፈግፍጉ፤ የድሮ ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ዛሬ በአገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም፤ የድሮው ላይ ምን እንዳለ ግን ማን ያውቃል።

ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሞላን፣ የተገለጠውን ብረት አንቲረስት ቀባን፣ አሳደርነው። ከዚያ ዋናው ቀለም። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ጀምረን ፀሐይ ሳትበረታ እናቆማለን። እኔ በሮለር ስስ አድርጌ ስቀባ፣ ጓደኛዬ ከኋላዬ ቀለም በሌለው ብሩሽ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ያስተካክላል። ወፍራም ከቀባችሁ ይወርዳል። ሁለተኛውን ቅብ በማግስቱ ደገምን። ለሁለቱም ቅብ አራት ሊትር ገደማ በቃን።

የቀለም ምርጫው ላይ ተጣልተን ነበር። እሱ ሰማያዊ አለ፤ እኔ ሰው ባጃጅ መስሎት «ወራጅ አለ» ይላል ብዬ ከለከልኩ። ከታች ቢጫ፣ ከላይ ክሬም ሆነች። በነገራችን ላይ የመኪና ቀለም ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ፣ የምትሄድ መኪና ያላችሁ ከመቀባታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዙር ብቻ ለሁለታችን 12 የሥራ ቀን ነው። በቀን ሠራተኛ ዋጋ ስናሰላው፣ የተዘጋንበትን ክረምት ስንጨምርበት፣ ከጋራዡ ዋጋ አለፈ። መጀመሪያውኑ በትክክል ብንቀባት ግን በግማሹ እንወጣ ነበር።

የአምናን ክረምት ሙሉ ውጭ አሳለፈች፤ አንድም ቦታ አልተነሳም። የኋላ በሩ ላይ ብቻ ጠጋ ካላችሁ አንዲት ትንኝ ታያላችሁ። የመጨረሻውን ቀን እንጨርስ ብለን እስኪመሽ ስንቀባ ከሐይቁ በኩል መጥታ የተለጠፈች ናት። ላንሳት ስል ጓደኛዬ «ተዋት፣ ሦስተኛ ዙር አልፈግፍግም» አለኝ።