መሪነትና የቤት ሸክም በሌሞ

የሐዲያ ሴት ለመሪነት እንግዳ አይደለችም። ከሐዲያ ገራዶች ቤት የተወለዱት እቴጌ እሌኒ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት አማካሪ ነበሩ፤ በ1500 ዓ.ም. ገደማ ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥም በሞግዚትነት አገር መርተዋል። ነገር ግን እቴጌይቱ ውኃ የሚቀዳላቸውና እህል የሚፈጭላቸው ሰው አላጡም።

ዛሬ በሌሞ ወረዳ በውኃ ኮሚቴ ወይም በቁጠባ ማኅበር የምትመረጥ እናት ይህ የላትም። ለምሳሌ እንሰትን እንውሰድ። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ይፍቃሉ፤ አሚቾውን ይከትፋሉ፤ ቡላውን ይጨምቃሉ፤ የተፋቀውንም በቅጠል ሸፍነው በጉድጓድ ይቀብሩታል። ሥራው በልማድ የሴት ነው፤ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ለስብሰባ ተብሎ አይቋረጥም። ስለዚህ ሰብሳቢዋ በቀጠሮው ቀን ብትቀር ስንፍና አይደለም፤ ቀኑን የቈረጠው ሰው ሳይጠይቃት ቈርጦታል እንጂ።

ደመወዝተኛዋን ሕግ በጥቂቱ ይደግፋታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጥ ነበር። ለአባትም 10 የሥራ ቀናት ፈቅዶ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም ያዝዝ ነበር። ያለ ክፍያ የምታገለግለው የኮሚቴ አባል ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ አልነበረችም። ለእርሷ ዕረፍት የሚሰጣት ባሏ፣ ልጆቿና አብረዋት የተመረጡት ወንዶች ናቸው።

እኛም የሴቶችን ቊጥር በሪፖርት ሞልተን ጉዳዩ ያለቀ የመሰለን ጊዜ አለ። ወንበሩን ሰጥተናት ሰዓቱን አልሰጠናትም።

በዚህ ረገድ የንስሐ አባት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ ወደ ቤት ይገባል፣ ባልየውም ይሰማዋል። ሚስት በተመረጠች ሰሞን ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ከብቱን ማን እንደሚያስገባ አባወራውን መጠየቅ ከአንድ ቀን ሥልጠና የበለጠ ይሠራል ብለን እናምናለን። ኮሚቴውም በበኩሉ የገበያውን ቀንና የእንሰት ፍቂያውን ወቅት ከሴቶቹ ሰምቶ ቀጠሮ ይያዝ፤ ስብሰባውም ሳይመሽ ይበተን። ወደ ሆሳዕና ለሥልጠና ስትጠሩ ደግሞ የምታጠባ እናት ልጇንና የሚይዝላትን አንድ ሰው ይዛ እንድትመጣ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ጻፉ፤ የዚያን ሰው ምሳም በበጀቱ ውስጥ አስገቡ።