ታብሌት በንግድ ሕንፃ ኪራይ ሥራ

የንግድ ሕንፃ የሚያከራይና የሚያሻሽጥ ባለሙያ አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ ሳይሆን በደረጃና በአሳንሰር ከወለል ወደ ወለል ሲመላለስ ስለ ሆነ፣ ቆሞ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚሠራበት ታብሌት ከማናቸውም መሣሪያ ይልቅ ይስማማዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው አይፓድ ካሜራ አልነበረውም፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው አይፓድ 2 ግን ካሜራ ስለ ተጨመረለት፣ ሕንፃውን የሚመረምረው ሰው የተሰነጠቀውን ግድግዳ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ስንጥቁን በጣቱ አክብቦ፣ እዚያው እንደ ቆመ ለባለንብረቱ ለመላክ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአይፓድ ፕሮ ላይ የተገጠመው ላይዳር ደግሞ የላከው ብርሃን ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ርቀትን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ የሚደርሰው እስከ 5 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ኪራይ በካሬ ሜትር በሚተመንበት ሥራ የመሐንዲሱን ልኬት ይተካል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

ከሁሉ የሚልቀው ጥቅሙ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በውሉ ላይ ነው፤ ተከራዩ ሱቁን እየተመለከተ ሳለ የወለሉን ፕላን፣ የጋራ መተላለፊያውን ወጪ አከፋፈልና የቅድሚያ ክፍያውን አንቀጽ በዐይኑ ሊያነብ ይችላልና፣ በአፍ ቃል ብቻ ከተባለው ነገር የሚወለደው ክርክር እጅግ ይቀንሳል። በሀገራችንም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። በምድር ቤት ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ፕላኑም ውሉም አስቀድመው በታብሌቱ ላይ ሊወርዱ ያስፈልጋል።