ክሪም፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የኖረው ባንድ

አንድ ነገር መቼና የት እንደ ተደረገ መናገር አያስቸግርም። ለምን እንደ ተደረገ ማስረዳት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለምና። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ጽሑፍ ክሪም ስለ ተባለ አንድ የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ባንድ ያስረዳል። ባንዱ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሲሆን የፈረሰው በ1968 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኖረበት ዘመን ቢቆጠር ከሁለት ዓመት ከአራት ወር አያልፍም። ሲፈርስ ገንዘብ አላጣም፤ አድማጭም አልራቀውም። እንዲያውም በዚያው ዓመት ያወጣው ሸክላ በአሜሪካ በሽያጭ አንደኛ ሆኖ ነበር። ታዲያ እንዲህ የተሳካለት ባንድ ለምን ይፈርሳል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ክሪም በእንግሊዝኛ ስልባቦት ማለት ነው፤ ይኸውም ከወተት ላይ የሚሰፍፈው ቅባታም ክፍል ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ቃል በዘይቤ ከሁሉ ለተመረጠና ለበለጠ ነገር ይጠቀሙበታል። ሦስቱ ወጣቶች ይህን ስም ለራሳቸው ሲያወጡ «ምርጦቹ እኛ ነን» ማለታቸው ነበር። ትሕትና የጎደለው ስም መሆኑ አይካድም፤ ችሎታቸው ሲታይ ግን ሐሰት ነው ማለት ያስቸግራል።

ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በፊት ያርድበርድስ በተባለው ባንድ፣ ቀጥሎም ከጆን ሜዮል ጋር ተጫውቶ ስሙ ከመግነኑ የተነሣ አድናቂዎቹ በለንደን ግንብ ላይ «ክላፕተን አምላክ ነው» ብለው እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ባስ ጊታር የሚጫወተውና አብዛኛውን ዘፈን የሚዘፍነው ጃክ ብሩስ ነው። ባንዱ የእንግሊዝ ይባል እንጂ ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ በልጅነቱም በግላስጎው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ተምሯል። ከበሮ መቺው ጂንጀር ቤከር ይባላል። ጂንጀር ማለት ዝንጅብል ሲሆን ቅጽል ስሙ የወጣለት ከጠጕሩ ቅላት የተነሣ ነው። ቤከር ያደገው በጃዝ ሙዚቃ ሲሆን የአፍሪካን የከበሮ አመታት አጥብቆ ይወድ ነበር።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንቅረብ። ቤከርና ብሩስ ክሪም ከመቋቋሙ በፊት ግራሃም ቦንድ ይመራው በነበረው ባንድ ውስጥ አብረው ሠርተዋል። አብረው ሠሩ ይባል እንጂ አብረው ተጣሉ ማለት ይሻላል። በመድረክ ላይ ሳይቀር ይጋጩ ነበር፤ በመጨረሻም ቤከር ብሩስን ከባንዱ አስወጣው። በ1966 ዓ.ም. ቤከር ክላፕተንን በአዲሱ የሮቨር መኪናው አሳፍሮ ወደ ለንደን ሲመልሰው አዲስ ባንድ እናቋቁም የሚል አሳብ አቀረበለት። ክላፕተን «እሺ፣ ነገር ግን ባስ የሚጫወተው ብሩስ ከሆነ ነው» ሲል መለሰ። ክላፕተን በኋላ እንደ ተረከው፣ ቤከር ይህን ሲሰማ ከመደንገጡ የተነሣ መኪናውን ሊያጋጨው ምንም አልቀረውም። የሆነ ሆኖ ቤከር ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የቀድሞ ባላጋራውን ሄዶ ጠየቀው፤ ብሩስም ተስማማ። ልብ በሉ፤ ባንዱ የተመሠረተው ባልታረቀ ጠብ ላይ ነው። ሦስቱም ጠቡን እያወቁ ወደ ሥራው ገቡ፤ እርስ በርሳቸው ባይዋደዱም አንዱ የሌላውን ችሎታ ያከብር ነበርና።

ባንዱ በጁላይ 29 ቀን 1966 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በዊንድሰር በተደረገው የጃዝና የብሉዝ በዓል ላይ ተጫወተ። በዊንድሰር ሕዝቡ በጉጉት ሲጠብቃቸው የነበራቸው ዘፈን ጥቂት ነበር። ስለዚህ የቆዩ የብሉዝ ዜማዎችን ወሰዱና እያራዘሙ ተጫወቱ። ከችግር የተገኘ ዘዴ በኋላ መለያቸው ሆነ።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በተለመደው የሮክ ባንድ ውስጥ አንዱ ጊታር ዜማውን ሲያወጣ ሌላው ጊታር በስተኋላ ይደግፈዋል፤ ባስ ጊታሩም ከከበሮው ጋር ምቱን ይጠብቃል። ክሪም ግን ደጋፊ ጊታር አልነበረውም። ስለዚህ ብሩስ ባስ ጊታሩን እንደ ሁለተኛ የዜማ መሣሪያ ይጫወተው ነበር። ቤከርም ምት በመጠበቅ ብቻ ሳይወሰን በሁለት ትልልቅ የእግር ከበሮዎች ለሁለቱ መልስ ይሰጥ ነበር። ሦስቱም በአንድ ጊዜ፣ በዚያው ቅጽበት፣ ያልተጻፈ ነገር ይፈጥራሉ ማለት ነው። ድስት ሦስት ጉልቻ ይበቃዋል፤ አንዱ ጉልቻ ሲነቃነቅ ግን በሁለቱ ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም። በክሪም ሙዚቃ ውስጥም አንዱ ሌላውን ካልሰማ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነበር።

በማርች ወር 1967 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ በኒው ዮርክ ከብዙ ባንዶች ጋር ተደርድረው በቀን ብዙ ጊዜ እየወጡ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር በተባለው አዳራሽ ሲጫወቱ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አድማጩ «ቀጥሉ፣ የፈለጋችሁትን ተጫወቱ» አላቸው። አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ድረስ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት ደቂቃው ዘፈን በመድረክ ላይ መመለስ አልሆነላቸውም።

በእነዚህ ሁለት ጕዞዎች መካከል፣ በሜይ ወር 1967 ዓ.ም.፣ ሁለተኛውን ሸክላቸውን በኒው ዮርክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀዱ። የሸክላው ስም አወጣጥ ለቋንቋ ተማሪ የሚጠቅም ታሪክ አለው። ክላፕተን የእሽቅድድም ቢስክሌት ስለ መግዛት ሲያወራ፣ ከባንዱ ረዳቶች አንዱ የቢስክሌቱን ማርሽ ሊጠቅስ ፈለገ። ይህ ዓይነቱ ማርሽ በእንግሊዝኛ «ዲሬይለር ጊርስ» ይባላል። ረዳቱ ግን ተሳስቶ «ዲዝሬሊ ጊርስ» አለ። ዲዝሬሊ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ሙዚቀኞቹ እስኪበቃቸው ሳቁና «የዲዝሬሊ ማርሾች» የሚለውን የሸክላው ስም አደረጉት።

በዚህ ሸክላ ላይ ከወጡት ዘፈኖች «ሰንሻይን ኦቭ ዩር ላቭ» የተባለው በ1968 ዓ.ም. በአሜሪካ የሽያጭ ዝርዝር አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። ለዘፈኑ መነሻ የሆነውን የባስ ዜማ የፈጠረው ብሩስ ሲሆን ግጥሙን የጻፈው ፒት ብራውን የተባለ ገጣሚ ነው። ክላፕተንም አዝማቹን ጨመረበት። የቤከር ስም ግን ከደራሲዎቹ ጋር አልተመዘገበም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። የዘፈን ደራሲ ተብሎ የሚመዘገበው ዜማውንና ግጥሙን የሠራው ሰው ነው። ዘፈኑ በተሸጠና በሬዲዮ በተሰማ ቍጥር ደራሲው ከተጫዋችነቱ ክፍያ ሌላ ድርሻ ያገኛል። የከበሮ ምት ግን እንደ ዜማ አይቆጠርም። «ኋይት ሩም» የተባለው ሌላው ዝነኛ ዘፈናቸው በአምስት ምት በተለካ መግቢያ ይጀምራል፤ ቤከር ይህን አመታት ያመጣሁት እኔ ነኝ ይል ነበር። ዘፈኑ የተመዘገበው ግን በብሩስና በብራውን ስም ብቻ ነው። ቤከር ይህን በደል እያነሣ እስከ እርጅናው ድረስ አማርሯል። የቱ ትክክል ነበር? በሕጉ መሠረት ብሩስና ብራውን ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ሙዚቃው በሦስት ሰዎች ቅጽበታዊ ፈጠራ በሚቆምበት ባንድ ውስጥ ሕጉ የሥራውን እውነተኛ አከፋፈል ማሳየት ተስኖት ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ሁለተኛው የጠብ ምክንያት የድምፅ ኃይል ነው። ክላፕተንና ብሩስ ማርሻል በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው 100 ዋት ኃይል ባላቸው የድምፅ ማጉያዎች ይጫወቱ ነበር። በመድረኩ ላይ እንደ ቁም ሣጥን ተደራርበው ይቆማሉ። አንዱ ራሱን መስማት ሲያቅተው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላውም በተራው ከፍ ያደርጋል። ከበሮ ግን ድምፁን ከፍ የሚያደርጉበት ቍልፍ የለውም። ቤከር የነበረው አማራጭ ክንዱ እስኪዝል መደብደብ ብቻ ነበር፤ ጆሮውም በዚያ ዘመን እንደ ተጎዳ ተናግሯል። በጊዜው ሙዚቀኞች በመድረክ ላይ አንዱ የሌላውን ድምፅ እንዲሰማ የሚያደርጉት፣ ፊታቸውን ወደ ተጫዋቹ ያዞሩ ማጉያዎች ገና አልተለመዱም ነበር። ክላፕተን አንድ ምሽት በመድረክ ላይ በዘፈኑ መካከል ጊታሩን መጫወት ማቆሙን ይተርካል። ቤከርና ብሩስ አላወቁም፤ መጫወታቸውን ቀጠሉ። እስኪ አስቡት፤ ሙዚቃው በመደማመጥ ላይ የተመሠረተ ባንድ ውስጥ አንደኛው ዝም ሲል ሁለቱ ዝምታውን አልሰሙም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ድካሙ ነበረ። ሥራ አስኪያጃቸው ሮበርት ስቲግዉድ ጕዞን በጕዞ ላይ ይደራርብ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው የአሜሪካ ጕዞም ለወራት ዘለቀ። በሜይ ወር «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ክላፕተን ተደጋግሞ የተሰለቸ ነገር ይጫወታል የሚል ትችት አወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ክላፕተን ግን ትችቱ እውነት መስሎ ስለ ተሰማው ተሰበረ። በዚያው ሰሞን ዘ ባንድ የተባሉት ሙዚቀኞች የቀዱትን የመጀመሪያ ሸክላ ሰማ። አጫጭርና የተረጋጉ ዘፈኖች ነበሩ፤ ማንም ከማንም በላይ አይጮኽም። ክላፕተን የራሱ ባንድ ወዴት እየሄደ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ጠየቀ።

በጁላይ ወር 1968 ዓ.ም. ባንዱ ሊፈርስ እንደ ሆነ ተነገረ። በዚያው ዓመት «ዊልስ ኦቭ ፋየር» የተባለው ድርብ ሸክላቸው ወጣ። አንደኛው ሸክላ በስቱዲዮ፣ ሁለተኛው በመድረክ ላይ የተቀዳ ነው። በመድረክ ከተቀዱት መካከል ከ16 ደቂቃ በላይ የሚፈጁ ሁለት ሥራዎች አሉ። በአሜሪካ በሽያጭ አንደኛ የሆነው ይህ ሸክላ ነው፤ እንግዲህ ሕዝቡ እየገዛው የነበረው መለያየታቸውን አስቀድመው የወሰኑ ሰዎች ሥራ ነበር።

ኖቬምበር 26 ቀን 1968 ዓ.ም. በለንደን በሮያል አልበርት አዳራሽ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫውተው ተሰናበቱ። አዳራሹ ከ5,000 በላይ ሰው ይይዛል። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ «ጉድባይ»፣ ማለትም «ደኅና ሁኑ»፣ የተባለው ሸክላ ታተመ። በውስጡ ክላፕተን ከቢትልሱ ከጆርጅ ሃሪሰን ጋር የደረሰው «ባጅ» የተባለ ዘፈን አለ። ሃሪሰን በወረቀቱ ላይ ከዘፈኑ መካከለኛ ክፍል አጠገብ «ብሪጅ»፣ ማለትም «ድልድይ»፣ ብሎ ጽፎ ነበር። ክላፕተን በፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጽሕፈቱን በግልባጩ ሲያነበው «ባጅ» ነው ብሎ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸና። የዲዝሬሊ ስሕተት የአፍ ነበር፤ ይህኛው የዓይን ነው።

ክላፕተንና ቤከር በ1969 ዓ.ም. ብላይንድ ፌይዝ በተባለ ሌላ ባንድ ተገናኙ፤ እርሱም ዓመቱን ሳይሞላ ፈረሰ። ቤከር በ1971 ዓ.ም. የሰሐራን በረሃ በመኪና አቋርጦ ወደ ናይጄሪያ ሄደና ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ፤ በሌጎስም የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ አቋቋመ። ሦስቱ እንደ ገና ለሕዝብ በአንድነት የተጫወቱት በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በሜይ ወር በዚያው በሮያል አልበርት አዳራሽ ለአራት ምሽት፣ በኦክቶበር ደግሞ በኒው ዮርክ ለሦስት ምሽት። የለንደኑ መልካም ነበር። ክላፕተን በዚህ ጊዜ ይዞ የቀረበው ማጉያ አነስተኛ ስለ ነበር ይደማመጡ ነበር። በኒው ዮርክ ግን የብሩስ ባስ ጊታር ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ ሲል ቤከር ተናግሯል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም በመድረክ ላይ እንደ ገና ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ አብረው አልተጫወቱም። ብሩስ በ2014 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር፣ ቤከርም ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ወር አረፉ።