ሰዓት የሚሸጥበት ቢሮ

በስደት ዓለም «ምን ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ታክሲ፣ ፓርኪንግ፣ ሆስፒታል ይባልና ጨዋታው ወዲያው ወደ አገር ጉዳይ ይዞራል። የእኔ ሥራ ግን በአንድ ቃል አልነገር ብሎኝ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ከአዲስ አበባ በስልክ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብትለኝ፣ «እማዬ፣ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ነኝ። ደንበኞችንና አማካሪዎችን አገናኛለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ሒሳብ እከታተላለሁ» አልኳት። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ታዲያ ደላላ ነኝ አትይኝም!» አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም።

በወረቀት ላይ ያለው መጠሪያዬ «ክላየንት ሰርቪስስ ኮኦርዲኔተር» ይላል፤ የደንበኞች አገልግሎት አስተባባሪ ማለት ነው። ቢሮው ዋሽንግተን ከተማ ኬይ ስትሪት አካባቢ ይገኛል። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ በመሆኑ ጠዋት በቀዩ መስመር ሜትሮ ተሳፍሬ ፋራጉት ኖርዝ እወርዳለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈረንጆቹ ስምንት ተኩል መሆኑ ነው፣ ወንበሬ ላይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሥራ ሌሊቱን የገባውን ኢሜይል መለየት ነው። አንዱ ደንበኛ «ሪፖርቱ ዓርብ ይደርሳል ተብሎ ነበር» ይላል። አማካሪው ደግሞ «እኔ ያልኩት ሰኞ ነው» ብሎ ይምላል። እኔ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ አውጥቼ አያለሁ። ዓርብ የሚል ከሆነ ለአማካሪው፣ ሰኞ የሚል ከሆነ ለደንበኛው፣ ማንንም ሳላሳፍር እነግራለሁ። የሥራዬ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ የተባለውና የተሠራው እንዳይራራቁ መጠበቅ።

ቀጥሎ ቀጠሮ ይመጣል። አንዱ ተሰብሳቢ ካሊፎርኒያ ነው፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ሌላው ናይሮቢ ነው፣ የአሜሪካ ሰዓት ሲቀያየር ልዩነቱ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ይሆናል። በዚህ በኩል ቢሮው ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም። ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነውና፣ እናቴ በየትኛው ሰዓት እንደምትተኛ የሚያውቅ ሰው ናይሮቢን አይሳሳትም!

ከምሳ በኋላ ግን ዋናው ጉዳይ ይጀመራል፤ ሰዓት ቆጠራ። አማካሪ ድርጅት የሚሸጠው ጤፍ ወይም ጨርቅ አይደለም፤ የሠራተኞቹን ሰዓት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አማካሪ በዕለቱ ለየትኛው ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደሠራ በመለያ ቁጥር ይመዘግባል። እኛ ዘንድ አንድ ሰዓት ለአሥር ይከፈላል፤ ስድስት ደቂቃ እንኳ ዋጋ አላት። ወር ሲያልቅ እነዚያ ደቂቃዎች ተደምረው ኢንቮይስ ይሆናሉ፤ ኢንቮይሱን ከሰዓት መዝገቡ ጋር አመሳክሮ የሚያዘጋጀው ደግሞ የእኔ እጅ ነው።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። በአንድ የወር መጨረሻ ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሜው ከልጄ ብዙም የማይበልጥ አለቃዬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ የግል ደንበኛ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለው ሥራ ከታሰበው በላይ ሰዓት ፈጅቷል። በቁርጥ ዋጋ ሲሆን ትርፍ የፈጀው ሰዓት የድርጅቱ ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል በሰዓት የሚከፈል የመንግሥት ኮንትራት ነበረን፤ ገንዘቡም ገና አላለቀም። «ከዚህኛው 14 ሰዓት ወስደሽ ወደዚያ አዛውሪልኝ። ቁጥር መቀየር ብቻ ነው፤ ማንም አይጎዳም» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ።

ነገሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በየዓመቱ ስልጠና እየተባልን የምንማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1863፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ለሰሜኑ ጦር የማይረባ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስለበዙ በፕሬዝዳንት ሊንከን ዘመን አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራል። መንግሥትን ያልተሠራ ሥራ አስከፍሎ የተገኘ፣ በ1986 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት የጉዳቱን ሦስት እጥፍ፣ ቅጣት ተጨምሮበት ይከፍላል። ለሌላ ደንበኛ የተሠራን ሰዓት በመንግሥት ስም መጻፍም ከዚያው የሚቆጠር ነው።

ሕጉን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈል ሌላ። ያን ጊዜ ዩኤስኤአይዲ በ2025 ከተዘጋ ብዙም አልቆየም ነበር። ዋሽንግተን ውስጥ ከእርሱ ኮንትራት ይኖሩ የነበሩ ድርጅቶች ሠራተኛ በጅምላ ሲያሰናብቱ ሁላችንም አይተናል። በእኛም ቢሮ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ልጄ ኮሌጅ ነው። በወር በወሩ ወደ አገር ቤት የምልካት አለች። «እሺ» ብል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያይም አልነበረም።

በዚያች ደቂቃ አባቴ ትዝ አለኝ። ደሴ ውስጥ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። አለቆቹ «ዕቃው ገብቷል፣ ፈርም» ሲሉት «ያልቆጠርኩትን አልፈርምም» ይል ነበር። በዚህ ጠባዩ ዕድገት አላገኘም፤ እኛም ልጆቹ በልባችን እንታዘበው ነበር።

አለቃዬን እንዲህ አልኩት፦ «እኔ የሰው ሰዓት መቀየር አልችልም። ስህተት ካለ አማካሪው ራሱ ያርመው። ትዕዛዙን ደግሞ በኢሜይል ጻፍልኝ፤ የሒሳብ ክፍሉም ይወቀው።» ፊቱ ቀላ። «እንግዲያው ተይው» ብሎ ተነሣ። በኢሜይል የመጣልኝ ነገር የለም። 14ቱ ሰዓት በኪሳራ ተመዘገበ።

ጀግና ሆንኩ ለማለት አይደለም። ማታ ሜትሮ ውስጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ የመንግሥት ደንበኛ ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠ። «ሥራ ለማደላደል ነው» ተባልኩ፤ ደስ እንዳላለኝ አልሸሽግም። ሥራዬን ግን እስከ ዛሬ እየሠራሁ ነው።

ይህንን የምጽፈው ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይም ልጆቻችን፣ እንደዚህ ባሉ ቢሮዎች ስለሚሠሩ ነው። ሰዓታችሁን በዕለቱ፣ በራሳችሁ እጅ መዝግቡ። ሌላው የሠራውን «አስተካክል» የሚል ቃል ሲመጣ በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ፤ የማይጻፍ ትዕዛዝ የማይጻፍበት ምክንያት አለው። ነገሩ ከከረረም ከጓደኛ ወሬ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ፤ በዚህ ሕግ የሚቆጠር ጥፋትን ለማስቆም የሞከረ ሠራተኛ በዚያ ምክንያት እንዳይባረር ያው ሕግ ይከላከላል። ስደተኛ ነንና ዝም እንበል የሚለው ፈሊጥ ብዙ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸካሚ አድርጎታል።

እናቴ አሁንም ደላላ ትለኛለች። ይሁን፤ ደላላም ቢሆን ታማኝ አለው።