የኮዱ ተራ አስከባሪ

ተጠቃሚ ወደ ድረ ገጹ የሚጭነውን ፋይል የሚፈትሽ ኮድ አለ እንበል። የተፈቀዱት የፋይል ዓይነቶች በአንድ ስብስብ ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ተጽፈዋል፦ ጄፔግ፣ ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂ። አንዲት ፕሮግራመር ሲኤስቪን ከመጨረሻው መስመር በታች ትጨምራለች። ባልደረባዋም በራሱ ቅርንጫፍ ላይ ዚፕን እዚያው ቦታ ያስገባል። ሥራቸው በጊት ሲዋሐድ ግጭት ይነሣል፤ ሁለቱም የነኩት አንድ ቦታ ነውና። ዝርዝሩ የላቲን ፊደል ተራን የጠበቀ ቢሆን ግን ሲኤስቪ ከላይ፣ ዚፕ ከታች ይገባሉ፤ ጊትም ሁለቱን ማንንም ሳያስቸግር ያዋሕዳቸዋል።

ተራ መያዝ ድግግሞሽንም ያጋልጣል። የጃቫስክሪፕት ስብስብ አንድ እሴት ሁለት ጊዜ ቢሰጠው አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ስህተት ብሎ አይጮህም። ስለዚህ በረጅም ዝርዝር ውስጥ የተደገመ ስም ዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። በተራ ሲደረደር ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ይህን ሥራ ለሰው ዓይን መተው አያዋጣም። ስቲቨን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1978 በቤል ቤተ ሙከራ ለሲ ቋንቋ «ሊንት» የተባለ ፈታሽ ካዘጋጀ ወዲህ፣ ኮድን ሳያስኬድ በማንበብ ብቻ እንከን የሚፈልግ መሣሪያ ሊንተር ይባላል። በጃቫስክሪፕት ዓለም የታወቀው ኒኮላስ ዛካስ በ2013 የጀመረው ኢኤስሊንት ነው። «ፐርፌክሽኒስት» የተባለው ተጨማሪ ጥቅል ደግሞ ተራ የሚያስከብሩ ሕጎችን ያመጣለታል፤ ስብስብን የሚመለከተው ሕግ «ሶርት-ሴትስ» ይባላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኢኤስሊንት ኮዱን አንብቦ ወደ ዛፍ መሰል መዋቅር ይለውጠዋል። ሕጉ በዚያ ዛፍ ላይ አዲስ ስብስብ የሚፈጠርበትን ቦታ ሲያገኝ በውስጡ የተዘረዘሩትን እሴቶች ያነጻጽራል፤ ተራውን የጣሰ ካለ ያመለክታል። የማስተካከያ ትእዛዝ ከተሰጠው ራሱ ይደረድራቸዋል። የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ከዳታቤዝ በሚመጣ እሴት ላይ ሥልጣን የለውም።

ቅንብሩ የሚጻፈው በፕሮጀክቱ ሥር ባለው የኢኤስሊንት ፋይል ውስጥ ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው የሕጉ ጥብቀት ነው፦ ዝግ፣ ማስጠንቀቂያ ወይም ስህተት። ማሽኑ ራሱ ሊያርመው የሚችለውን ነገር በማስጠንቀቂያ ደረጃ መተው የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ማስጠንቀቂያ ይከማቻል፣ ከዚያም የሚያነበው ይጠፋል። ከመጀመሪያው «ስህተት» ይባል። ነባር ኮድ ካለ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደርድሮ ለብቻው ኮሚት ይደረግ፤ የድርደራው ለውጥ ከሌላ ሥራ ጋር ከተቀላቀለ ገምጋሚው ዋናውን ነገር ማየት ይቸገራል።

ቀጥሎ የድርደራው ዓይነት ይመረጣል። የፊደል ተራ ሳይነካ የሚመጣው ምርጫ ሲሆን «ቪ10»ን ከ«ቪ2» ያስቀድማል፤ 1 ከ2 ይቀድማልና። «ተፈጥሯዊ» የሚባለው ግን ቁጥሩን እንደ ቁጥር አንብቦ 2ን ከ10 በፊት ያደርጋል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀው ተራ ይህ ስለሆነ። በመስመር ርዝመት መደርደርም ይቻላል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለፈላጊ ግን አይረዳም። እሴቶቹ በርእስ የተከፋፈሉ ከሆኑ በባዶ መስመር ወይም በአስተያየት የተለየው ክፍል ሁሉ ለብቻው እንዲደረደር ማዘዝ ይቻላል።

በአማርኛ የተጻፉ እሴቶችም ይደረደራሉ፤ ዩኒኮድ በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል የሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራን ጠብቋል። ሆኖም አንዱ «ሀረር»፣ ሌላው «ሐረር» ብሎ ቢጽፍ ለስብስቡ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ድርደራውም አያገናኛቸውም፤ «ላሊበላ» በመካከላቸው ይገባል። ይህን አስቀድሞ አንድ የአጻጻፍ ስምምነት ካልተያዘ ሊንተር አያድነውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ትርጉም ያለው ተራ ነው። የጃቫስክሪፕት ስብስብ እሴቶቹን በገቡበት ቅደም ተከተል ይይዛል። ፕሮግራሙ «ይህ እሴት አለ ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ተራው ቢለወጥ ምንም አይጎዳም። አንድ በአንድ እያነሣ በስክሪን ላይ የሚያሳይ ከሆነ ግን ይጎዳል፦ የሳምንቱ ቀናት በዚህ ሕግ ቢታረሙ ሐሙስ መጀመሪያ፣ ዓርብ መጨረሻ ይሆናሉ፤ ሰኞም ከረቡዕ በኋላ ይመጣል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ይህ ሕግ በማይነካው መደበኛ አሬይ ውስጥ ይቀመጥ። የግድ ስብስብ መሆን ካለበትም ከመስመሩ በላይ ሕጉን ለዚያ ቦታ ብቻ የሚያግድ አስተያየት ይጻፍ፤ ኢኤስሊንት ከሁለት ሰረዝ በኋላ ምክንያትን መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ ተራው ለምን እንደማይነካ እዚያው ይገለጽ።